የእግር ሲንጀር 15 በደሴ ገበያ፦ ወርቃማ ጽሑፉን ትታችሁ መንጠቆውን እዩ

ፍርዱን ላስቀድመው። ደሴ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አሮጌ የእግር ሲንጀር፣ 15 ቁጥር ከሆነ፣ መንጠቆው (ከሥር ክሩን የሚጠልፈው ብረት) ካልተበላና መርፌውን የሚይዘው ዘንግ ካልተወዛወዘ፣ ዛሬም ከካርቶን ከሚወጣ አዲስ የእግር መኪና ይሻላል። ከነዚህ አንዱ ከተጓደለ ግን ጥቁር ቀለሙ ቢያብረቀርቅም፣ ወርቃማ ጽሑፉ ቢያምርም፣ ሻጩ «የአያቴ ነበር» ብሎ ቢምልም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ይህ ጽሑፍ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የስፌት መኪና እያየ ለሚዞር ጀማሪ ልብስ ሰፊ፣ እንዲሁም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠርታ በራሷ ለመቆም ለወሰነች ሰፊ ይሆናል። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም።

በገበያው «ሲንጀር» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ከሳህኑ ሥር ጀልባ የመሰለ ረጅም መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ የሚልባቸው አሉ፤ 27፣ 28፣ 127 እና 128 የሚባሉት ናቸው። ስፌታቸው ጉድ ያሰኛል፤ ግን ክሩ የሚጠቀለልበት ቀጭን ዘንግ ወይም መወርወሪያው ከጠፋ ምትክ ፍለጋ ያንከራትታል። ለቤት ይሁኑ፣ ለእንጀራ አይሆኑም። 66 ቁጥር ደግሞ ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ከላይ፣ ከመርፌው ፊት ለፊት የሚቀበል ነው። ጉልበት አለው፣ ወፍራም ጨርቅ አይፈራም፤ ቦቢኑ ግን የራሱ ልክ ስለሆነ ከሌላው አይዋዋስም።

15 ቁጥር የሚለየው በግራ ጫፉ ነው። በመርፌው በኩል ያለውን ተንሸራታች ሳህን ስትስቡ ክብ የብረት የቦቢን ቤት ከጎን ገብቶ ታገኛላችሁ። ይህን አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች ገለበጡት፣ ቻይናዎችም ተከተሉ፤ በየስፌት ቤቱ በረንዳ የምታዩት በተርፍላይ የዚሁ የ15 ቁጥር ልጅ ነው። ስለዚህ ቦቢኑ፣ መርፌው፣ ጨርቅ መጫኛ እግሩና ብዙው ትንንሽ ዕቃ ከአዲሱ መኪና ተወስዶ ለአሮጌው ይሆናል። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ማሽን መለዋወጫው ዛሬም ሱቅ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ 15ን ከሌሎቹ ሁለቱ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

«ኦርጅናል የአሜሪካ ነው» የሚለውን ቃል ቶሎ አትመኑ፤ ቶሎም አትናቁ። ከመደቡ (ከማሽኑ ጠፍጣፋ የታችኛው ብረት) ፊት በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በጨርቅ ጠርጉና አንብቡት። ከቁጥሩ በፊት ፊደል ከሌለ ራሱ (ከጠረጴዛው በላይ ያለው ማሽን) ከ1900 በፊት የተሠራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። «ጂ» ካለበት፣ ወይም በ«ኤ» የሚጀምር ሁለት ፊደል ካለበት፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ኤሊዛቤት ከተማ ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ነው። «ኤፍ»፣ «ዋይ» ወይም በ«ኢ» የሚጀምር ሁለት ፊደል ካለበት ከስኮትላንድ፣ ከክላይድባንክ ፋብሪካ ነው። ሞዴሉ 15 ተብሎ «ኬ» ከተከተለበትም እንዲሁ ስኮትላንዳዊ ነው። በጥራት ለሰፊው የሚሰማ ልዩነት የለም፤ ሥዕሉም አሠራሩም አንድ ነው። ስለዚህ «የአሜሪካ ነው» ተብሎ የሚጨመረውን ብር አትክፈሉ። ቁጥሩ የተሞረደበት፣ ወይም ጭራሽ ያ ከፍ ያለ ቦታ የሌለው ከሆነ ግን ሌላ ራስ ላይ የሲንጀር ጽሑፍ ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። ምሰሶው ላይ ያለው ሞላላ የናስ ምልክት በምስማር የተመታ እንጂ በሙጫ የተለጠፈ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ማሽን እንዴት ተሠርቶ ዓለምን ሞላ? ነገሩ ለገዢ የሚጠቅም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሲንጀር እስከ 1880ዎቹ ድረስ ክፍሎቹን በሞረድ እያስተካከለ ነበር የሚገጣጥመው፤ የአንዱ ማሽን ዕቃ ለሌላው ላይሆን ይችላል። በ1880 ምርቱ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ሲደርስ ለእያንዳንዱ ራስ ሞራጅ ማቆም አላዋጣም፤ ክፍሎቹ በልክ እየተቆረጡ ያለ ሞረድ እንዲገጥሙ ወደሚያስችል አሠራር ተገፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ እያንዳንዱ ትንሽ ዕቃ የራሱ ቁጥር ይታተምበት ነበር። ዛሬም ጨርቅ መጫኛ እግሩን ወይም ሳህኑን ገልብጣችሁ ብታዩ «ሲማንኮ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የኩባንያው ስም ማሳጠሪያ ነው። ያ ምልክት ያለበት ዕቃ ከብዙ ቅጂ ይልቅ ጠንካራ ብረት ነው፤ ሻጩ «ላድስልህ» ብሎ በአዲስ እንዲለውጠው አትፍቀዱ።

ሁለተኛው ነገር ዱቤው ነው። በ1850ዎቹ አንድ የስፌት መኪና ከ100 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ተራ ቤተሰብ የሚችለው አልነበረም። የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 ጥቂት ዶላር ቅድሚያ፣ ቀሪው በየወሩ የሚል ሽያጭ ጀመረ። አሮጌ ማሽን ለሚያመጣም ከአዲሱ ዋጋ እየቀነሰ አሮጌውን ይሰባብረው ነበር፣ የሁለተኛ እጅ ገበያ እንዳይፈጠርበት። (ደሴን አላየ!) ይህ የሽያጭ ዘዴ በ1920ዎቹ የመላው አሜሪካ ኑሮ ሆነ፤ ሬዲዮው፣ ሶፋው፣ ማቀዝቀዣው በየወር ክፍያ ይገባ ጀመር፤ ከሚሸጠው መኪናም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዱቤ ነበር። ጀነራል ሞተርስ ለዚሁ ብሎ በ1919 የብድር ኩባንያ አቋቋመ። ሲንጀር ራሱ በ1908 ኒው ዮርክ ላይ 47 ፎቅ፣ 187 ሜትር የሚረዝም ዋና መሥሪያ ቤት አቆመ፤ እስከ 1909 ድረስ በዓለም ረጅሙ ሕንፃ እሱ ነበር። ሕንፃውን ያቆመው ከየቤቱ በየወሩ ይለቀም የነበረው ያ ጥቂት ጥቂት ዶላር ነው። ከዱቤው ጋር ደግሞ ወኪሉ ቤት ድረስ መጥቶ አሠራሩን ያሳያል፣ ሲበላሽ ይጠግናል። ዛሬ ደሴ ላይ ማሽን የሚሸጥላችሁን ሰው የምትለኩበት መስፈርት ይኸው ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሱቅ ስትሄዱ ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አዲስ 14 ቁጥር መርፌ፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ክር፣ አንድ ገጽ የደብተር ወረቀትና ቁራጭ ጅንስ ነው። የሻጩን መርፌና የሻጩን ጨርቅ አትቀበሉ፤ ማሽኑ የለመደውን ቁራጭ ጨርቅ ሁልጊዜ አሳምሮ ይሰፋዋል።

መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቁና የእጁን ጎማ ወደ ራሳችሁ በቀስታ አዙሩ። ሙሉ ዙሩ እኩል መለስለስ አለበት። አንድ ቦታ ብቻ የሚከብድ ከሆነ መንጠቆው ውስጥ የተጠመጠመ ክር ወይም የተጣመመ ዘንግ አለ። ዙሩ ሁሉ እኩል ከከበደ ግን የደረቀ ዘይት ነው፤ ይህ አያስፈራም። እዚህ ላይ ነው ሻጩ «አብሽር፣ ዘይት ሲጠጣ ይለሰልሳል» የሚላችሁ። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያው ከሆነ ግን በበርሜል ዘይት ብትነክሩት አይለሰልስም።

ቀጥሎ መርፌውን እስከ ታች አውርዱና መርፌ የሚያስረውን ቁልፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁት። የሚሰማ «ቀጭ» ካለ የመርፌ ዘንጉ መቀመጫ ተበልቷል። ይህ በብሎን የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ አዲስ መቀመጫ (ቡሽ) ካልገባለት መፍትሔ የለውም፣ ያንን አሳምሮ የሚሠራም ጥቂት ነው። ዘንጉ የሚወዛወዝ ማሽን በስስ ጨርቅ ላይ ስፌት ይዘላል፣ በወፍራሙ ላይ መርፌ ይሰብራል። ለመለዋወጫ ካልሆነ በስተቀር ተዉት።

ከዚያ ዋናው፣ መንጠቆው። የቦቢን ቤቱን አውጡ፣ ሽፋኑን ፍቱ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለውን ብረት በእጃችሁ ያዙት። ጫፉን በጥፍራችሁ ዳሱት። ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ሻካራ ነገር ካለ ሰባራ መርፌ ነክቶታል ማለት ነው፤ በ600 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ባለው የብረት ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ቢታሽ ይስተካከላል። ጫፉ ግን ከሹልነቱ ወጥቶ ከደነዘዘና ካጠረ ማሸቱ ይብሱን ያሳጥረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መርፌው ከታችኛው ጫፍ 2.4 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ ክሩ ከበስተኋላው ትንሽ ቀለበት ይሠራል፣ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ዓይን 1.6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያንን ቀለበት መጥለፍ አለበት። ጫፉ በግማሽ ሚሊሜትር ቢያጥር እንኳ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ቀለበቱ ያመልጠዋል። «ስፌት ይዘላል» ተብሎ በየሳምንቱ ጥገና የሚመላለሰው ማሽን ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። የበተርፍላይ መንጠቆ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ሳይሞከር ግን አይከፈልም።

በተለይ የቦቢን ቤቱ ላይ ተጠንቀቁ። ከላዩ ጣት የመሰለ አንድ ዘንግ ወጥቶበታል፤ በሽፋኑ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ቤቱ እንዳይዞር ይይዘዋል። በብዙ የሲንጀር 15 ይህ ጣት በሰዓት ፊት ላይ 1 ቁጥር ወዳለበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው፤ በቅጂዎቹ ደግሞ 11 ቁጥር ወዳለበት፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሁለቱን አጎራብታችሁ ካላያችኋቸው አንድ ይመስላሉ። የተሳሳተው ሲገባ «ቀጭ» ብሎ የተቀመጠ ይመስልና በመጀመሪያው ዙር መርፌውን ይሰብራል፣ አንዳንዴም የመንጠቆውን ጫፍ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ምትክ ስትገዙ የድሮውን ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጣቱን ከጣቱ አስተያዩ። ማሽኑን ስትገዙም ውስጡ ያለው ቤት የራሱ መሆኑን እዩ፤ ያለ ቤት የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው በደንብ ይውረድ።

መርፌው ጠፍጣፋ ጎን ያለው የቤት ማሽን መርፌ ነው። ጠፍጣፋው ወደ ግራ፣ ረጅሙ ቦይ ወደ ቀኝ ሆኖ ይታሰራል፤ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። የፋብሪካ ማሽን መርፌ ክብ ነው፤ በረከሰ ዋጋ ስለሚገኝ ብዙዎች በጉልበት ያስገቡታል፣ ልኩም አቀማመጡም ሌላ ስለሆነ ይዘላል ወይም መንጠቆውን ይመታል። ለስስ 11፣ ለፖፕሊንና ለተማሪ ሸሚዝ 14፣ ለካኪና ለጅንስ 16፣ ለሸራ 18 ይበቃል።

አሁን ወረቀቱን አምጡ። ያለ ክር አንድ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ስፉበት። ቀዳዳዎቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ፣ እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። የስፌት ርዝመት ማስተካከያው በሲንጀር በሚሊሜትር አይደለም፤ በአንድ ኢንች ስንት ስፌት ነው የሚለው፣ ቁጥሩ ከ6 እስከ 30 ይሄዳል። 10 ላይ አድርጋችሁ በ2.5 ሳንቲሜትር ውስጥ አሥር ያህል ቀዳዳ ከቆጠራችሁ የጨርቅ መጎተቻው ጥርስ ደህና ነው። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ዝቅ ብሏል፤ ከፍ ሲል ከሳህኑ በላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል መታየት አለበት። መስመሩ ወደ ጎን ከሄደ ጨርቅ መጫኛው እግር ተጣሟል፤ ይህ ርካሽ ነው፣ ተነጋገሩበትና ግዙ።

በመጨረሻ ጅንሱን አራት እጥፍ አድርጋችሁ ስፉ፣ ላይና ታች በተለያየ ቀለም ክር። ቀለበቱ ከሥር ከታየ የላይኛው ክር ልል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ጨርቅ መጫኛው እግር ወርዶ ሳለ ክር መግባቱ ነው፣ ክሩ በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል አልገባም ማለት ነው። ቀለበቱ ከላይ ከታየ የቦቢን ቤቱ ትንሿ ብሎን ልል ናት። ቤቱን በክሩ አንጠልጥሉት፤ ዝም ብሎ ከወረደ ልል ነው፣ ሲነቀነቅ ትንሽ ወርዶ ከቆመ ልኩ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ አዲስ በስፕሬይ የተቀባ ራስ ሁልጊዜ ይጠርጠር። የዘይት ቀዳዳዎቹን እዩ፤ ቀለም ከደፈናቸው ቀቢው ዘይት ያጠጣ ሰው አይደለም። የድሮው ጥቁር ቀለም በሸላክ የተወለወለ ስለሆነ አልኮል ያቀልጠዋል፤ ሳኒታይዘር የነካው መደብ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። በትንሽ የማሽን ዘይት በለሰለሰ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው።

ስለ ብረት እግሩም ትንሽ። ትልቁን ጎማ ነቅንቁ፤ ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ሁለቱን ሾጣጣ ብሎኖች በእኩል ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ፔዳሉን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ በላይኛው ጫፍ ከተበላ በእያንዳንዱ ርግጫ «ጓ» ይላል፤ ለጆሮ እንጂ ለስፌት አይጎዳም። ቺንጋው ክብ ቆዳ ነው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 183 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ይሸጥና በልክ ተቆርጦ በሽቦ ይያያዛል። እዚህ የደሴ አየር ሥራውን ይሠራል። ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ነው፤ ክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ቆዳው ይለጠጥና ይንሸራተታል፣ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ አሳጥሩት። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይጠብቃል፤ እንዳይበጠስ ሥራ ስታቆሙ ከጎማው አውርዱት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ይህ ችግር ያንሳል፣ አቧራው ግን ከሳህኑ ሥር ከክር ብናኝ ጋር ተጋግሮ ጥርሱን ያነሳዋል፤ በየሳምንቱ ሳህኑን ፈታችሁ በብሩሽ ጥረጉት።

ለዘይቱ፣ የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይሁን። በደሴ ቅዝቃዜ ጥቂት ወር ሳይሞላው ሙጫ ይሆናል። የሞተር ዘይትም ይወፍራል። የስፌት መኪና ዘይት፣ በየቀዳዳው አንድ ጠብታ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ማሽን በየቀኑ፣ መንጠቆው መንገድ ላይም አንድ ጠብታ። ለደረቀ ማሽን ነጭ ጋዝ በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ጠዋት በእጅ እያዞራችሁ ጥቁሩን ጥረጉ፣ ከዚያ ዘይት። ነጭ ጋዝ አጥቦ ይሄዳል እንጂ አያለሰልስም፤ ዘይቱን የረሳ ሰው ብረት ከብረት ያፋጫል።

ሞተር ይገጠምለት? አሜሪካ ውስጥም ይህ ጥያቄ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ሲንጀር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ያወጣው በ1889 ነው፤ ግን በ1920 መብራት የገባለት የአሜሪካ ቤት ሲሶ ያህሉ ነበር፣ በ1930 ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲደርስ እንኳ ከገበሬው ቤት አሥር አንዱ ያህል ብቻ ነበር ያገኘው። መንግሥት በ1935 የገጠር መብራት መሥሪያ ቤት እስኪያቋቁም ድረስ ገበሬው በእግሩ ሰፋ። ፋብሪካውም ሁለቱንም ያወጣ ነበር፤ 15-88 የእግር፣ 15-90 በሞተር። የእናንተ ራስ ከኋላው ብሎን የሚገባበት ጉብታ ካለው ሞተር ይቀበላል። ነገር ግን ከራሱ ጋር የመጣ አሮጌ የአሜሪካ ሞተር 110 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። አዲስ 220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ግጠሙ፣ የእግሩን ቺንጋ ግን አትጣሉት። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው የማይቆም ስፌት ቤት በበዓል ሰሞን ደንበኛ የሚያገኘው እሱ ነው።

ከፋብሪካ ማሽን ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም፤ ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2017 ከተከፈተ ወዲህ በዚያ የሠለጠኑ ሰፊዎች ሁልጊዜ ይጠይቁታል። የፋብሪካው ቀጥ ሰፊ በደቂቃ ከ4,000 በላይ ስፌት ይሄዳል፣ ክር ራሱ ይቆርጣል። የእግሩ በጥሩ እግር እንኳ 1,000 ማለፍ ይከብደዋል። ልዩነቱ የሥራው ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ በመቶ የሚያወጣ የፋብሪካውን ማሽን ይግዛ፤ ቀሚስ የሚያጠብ፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚቀይር፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የሚያያይዝ ሰው ፍጥነቱን የት ሊያደርገው ነው? ጥለት ላይ እንዲያውም ቀስ ማለቱ ጥቅም ነው፤ ስፌቱን አንድ በአንድ ታቆሙታላችሁ።

ያው ፍጥነት በአሜሪካ ምን አብሮት እንደመጣ ማወቅ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። እዚያ ልብስ ከቤት ወደ ፋብሪካ ሲገባ ኒው ዮርክ ውስጥ ሸሚዝ ሰፊ ልጃገረዶች መርፌውንና ኤሌክትሪኩን ከደሞዛቸው ይከፍሉ ነበር፤ በኅዳር 1909 ሃያ ሺህ ያህል ሆነው ሥራ አቆሙ። በመጋቢት 1911 ትሪያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ አንዱ በር ተቆልፎ ስለነበር 146 ሰው አለቀ። በዚያው ወር ክላይድባንክ ላይ የማሽኑን ጠረጴዛ የሚወለውሉ 12 ሴቶች ሥራው ጨምሮ ክፍያው ቢቀንስባቸው ተነሱ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ አሥር ሺህ ያህል ሠራተኛ ተከተላቸው። ኩባንያው አሸነፈ፣ መሪዎቹንም አባረረ። የጠረጴዛው ውልውል ላይ ጣታችሁን ስታሳርፉ የእነሱ ሥራ ነው። (ጠረጴዛው ከላይ ልጡ ከተነሳ በሙጫና በክብደት ይያዛል፤ ውሃ የጠጣና ያበጠ ከሆነ ግን ራሱ ወደ ጎድጓዳው አልገባ ይላል፣ ተመልከቱት።)

ወደ ሻጮቹ ልመለስ። ደሴ ላይ ሦስት ዓይነት አገልግሎት ታገኛላችሁ። አንዱ አውጥቶ ሸጦ የሚሰናበት ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ከላይ ያለውን ፍተሻ ጨርሳችሁ ከሆነ ከእሱ መግዛት ያዋጣል። ሁለተኛው ራሱ ጠጋኝ የሆነ ነው፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ማሽኑን ከፊታችሁ ፈትቶ መንጠቆውን ያሳያችኋል። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሦስተኛው በየወር ክፍያ የሚሰጥ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የወሩን ክፍያ በወሩ ብዛት አባዙና ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር አስተያዩ፣ አንድ ወር ብታሳልፉ ማሽኑን ይወስድ እንደሆነና የከፈላችሁት ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። «እንተማመናለን» የሚል መልስ በጽሑፍ አይደለም።

ከማንም ግዙ፣ ደረሰኙ ላይ ወይም ውሉ ላይ የማሽኑ ቁጥር ከነፊደሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት። የተሰረቀ ማሽን ኋላ ባለቤት ቢመጣበት የሚያድናችሁ እሱ ነው። የሁለት ሳምንት መሞከሪያ ጠይቁ፤ ዘንጉና መንጠቆው ጤነኛ መሆኑን የሚያውቅ ሻጭ አይከለክልም። ሁለት ቦቢን፣ አንድ የቦቢን ቤት፣ አንድ ቺንጋና አንድ ጠርሙስ ዘይት በዋጋው ውስጥ እንዲገባ ተከራከሩ፤ ይህን ያህል እንኳ የማይጨምር ሻጭ ዋጋ ይቀንስ።

በአንድ ቃል፦ የጥገና፣ የሐበሻ ልብስና የልኬት ሥራ ለሚሠራ ጤነኛ 15 ቁጥር ግዙለት። ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳ ለሚፈልግ አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ ከመስፋት ሌላ አያውቅም፣ ጠርዝ ለማስጠበቅ ኦቨርሎክ ያለው ጎረቤት ያስፈልጋችኋል። ላስቲክ ያለው ሹራብና ቲሸርት ለሚሰፋም አልመክርም፤ ስፌቱ ሲለጠጥ ይበጠሳል።